ለእማ ቴሌቪዥን ብዬ ያጸዳሁት ዲስክ

ሰኞ

ለእማ ቴሌቪዥን ፊልም ማጫወቻ እንዲሆን ያየሁትን የቻይና ቦክስ ትቼዋለሁ። ሻጩ አራት ጊዜ «አዲስ ነው» አለኝ። አዲስነቱን ማን ጠየቀው? የኔ ጥያቄ ረጅም ፊልም ሲከፈት ይንቀራፈፋል ወይ ነበር፤ መልስ የለውም። ያገለገለው የቢሮ ኮምፒውተር ጥሩ ነበር፣ ግን እንደ ወፍጮ ይጮኻል። እማ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ቀኑን ሙሉ ሳሎን ነው የምትውለው፤ ጆሮዋን ላደነቁራት ነው እንዴ?

የቀረው ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ነው። ስክሪን ምን ያደርግልኛል? በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዘዋለሁ። ርካሽ ነው፣ ድምፅ የለውም። ገዛሁት።

አንድ ጉድለት አለው፤ ውስጡ ጠባብ ነው። መንዙማውን፣ ድራማውን፣ የእህቴን ልጆች ቪዲዮ የሚይዝ ዲስክ ለብቻው ያስፈልገዋል። የአዲስ ዲስክ ዋጋ ግን ከላፕቶፑ በልጧል።

ማክሰኞ

ዲስክ ተገኘ። ቪዲዮ ከማቀናብርበት ስቱዲዮ፣ ከመደርደሪያው ላይ።

የአለቃዬ የሰለሞን ደንብ እንዲህ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ዓመት ሙሉ ካልተወሰደ፣ ለባለቤቱ በሦስት የተለያዩ ቀናት ይደወላል፣ መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ካልተገኘ ዲስኩ ይጸዳል። ይኸኛው ድብ ባሕር፣ ገጠር የተደገሰ ሠርግ ነው። ራሴ ነኝ ያቀናበርኩት፤ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ የመጣ ሰው የለም።

ደወልኩ። አንድ ጊዜ። ስልኩ አይሠራም። መዝገቡ ላይ ግን ሦስት መስመር ጻፍኩ፤ ሦስት ቀን፣ ሦስት ጊዜ «ተደውሏል፣ አልተገኙም»። በዚያ በኩል ኔትወርክ እንደማይረጋ አጥቼው አይደለም። ማን ይጠይቃል ብዬ ነው።

ሰለሞን አንብቦ ፈረመ። «ካጸዳሽው ውሰጂው፣ ለእናትሽ ይሁን» አለኝ። እዚያው አጸዳሁት፤ ቤት ስገባ ደግሞ ግማሹን በድራማ ሞላሁት።

ረቡዕ

እማ ማውሱን ትራስ ላይ አድርጋ በሦስተኛ ሙከራዋ ራሷ መንዙማ ከፈተች። ጎረቤት ሁሉ ተጠራ። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

ዲስኩን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝ። ከሥራ ቦታ የተረፈ ነው አልኳት። ውሸት እኮ አይደለም።

ሐሙስ

መጡ። የሙሽራዋ አባት፣ አያ ተገኘ፣ ከድብ ባሕር በጠዋቱ መኪና።

አባታቸው አርፈዋል። የአርባው ተዝካር የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ሽማግሌው በዚያ ሠርግ ላይ ቆመው የልጅ ልጃቸውን መርቀዋል፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ማንም ቀርጿቸው አያውቅም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ምርቃቱን ሊያይ ነው። እስከ ዛሬ ያልመጡት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልኩም ወራት ሙሉ ሲቋረጥ ከርሞ ነው።

ሰለሞን መዝገቡን አወጣ። ሦስቱን መስመር በጣቱ እየጠቆመ አነበበላቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ራሳቸውን ወቀሱ። «እናንተማ ደክማችኋል፤ ጥፋቱ የኛ ነው» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንገቴን ደፍቼ የማይረባ ነገር ስጽፍ ቆየሁ። ቅዳሜ ለገበያ እንደሚመለሱ፣ ምናልባት የተረፈ ነገር ካለ እንድንፈልግላቸው ለምነውን ሄዱ። ለመኑን! እኔን!

ዓርብ

ከጁምዓ በፊት ዲስኩን ከእማ ቴሌቪዥን ነቅዬ ወደ ስቱዲዮ ወሰድኩት። የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ፕሮግራም አለን። ስድስት ሰዓት ፈጀ።

የወጣው ይኸ ነው። ዳስ። ምግብ የሚያቀርቡ ሴቶች። ድምፅ የሌለው ጭፈራ። ከወገቧ በላይ አረንጓዴ የሆነች ሙሽራ። ምርቃቱ የለም። እሱ በነበረበት ላይ የጫንኩት ድራማ ተኝቶበታል። ይኸን ሳውቅ አለቀስኩ።

የሽማግሌው የተረፈው ሃያ ሰከንድ ያህል ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የካሜራውን መብራት በመዳፋቸው እየከለሉ ቀራጩን ይቆጡታል። «ምነው ልጄ፣ ዓይኔን ልታጠፋው ነው? ወዲያ በለው» ይላሉ። ሌላ የለም።

ቤት ስገባ እማ ጥቁሩን ቴሌቪዥን እያየች ተቀምጣለች። ምን ሆንሽ አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ሦስቱን መስመር ጭምር። ትራሱን ከነማውሱ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣

«ለእናቴ ብዬ ነው እንዳትይ» አለችኝ።

ልለው ነበር።

ቅዳሜ

ለሰለሞን ጠዋት ነገርኩት። መዝገቡን ከፍቶ ሦስቱን መስመር ድጋሚ አነበበ፤ ከዚያ ከነመዝገቡ ወጣ። ሥራዬ ይኑር አይኑር አላውቅም።

አያ ተገኘ አምስት ሰዓት ላይ መጡ። ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ሃያውን ሰከንድ ከፈትኩላቸው። «አባባ ነው» አሉ። ሳቁ። ደግሞ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። አምስት ጊዜ አስደገሙኝ። ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ አመስግነውኝ ይሄዱ ነበር። ዝም ማለት አሰኝቶኝም ነበር፤ እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

ምርቃቱስ አሉኝ። የለም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩ። ሦስት ጊዜ እንዳልደወልኩ፣ አንዴ ብቻ ደውዬ መዝገቡን በውሸት እንደሞላሁ፣ ዲስኩን ለቤቴ ፈልጌው እንደነበር ነገርኳቸው። አንድም አላስቀረሁም።

አላዩኝም። የተረፈውን የገለበጥኩበትን ፍላሽ ኪሳቸው ከተው፣ ዱላቸውን አንስተው እስከ በሩ ሄዱ። እዚያ ቆሙ።

«ይቺም ሸጋ ናት» አሉ። «ምርቃቱን ግን ልጆቹ ይጠይቁኛል። እኔ ምን እላቸዋለሁ? አንቺው ለተዝካሩ መጥተሽ ንገሪያቸው። ለእስላም እንግዳ ለብቻ ነው የሚታረደው፤ ሳትበይ አትመለሺም።»

ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። እሺ አልኳቸው። ልጆቹ ስንት እንደሆኑ ልጠይቃቸው ፈልጌ አፈርኩ።