ለአባባ ያመጣኸው ሰዓት

ለታናሽ ወንድሜ፣

የአባባ የልብ ምርመራ ውጤት ሰኞ ጠዋት ተሰጠን። ልባቸው ጤነኛ ነው።

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? ያ አላስቀምጥ ያለህ የወገብ ሕመም ተሻለህ ወይ? እኛ ዘንድ አባባ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ጋዜጣ እያነበቡ ይቆጣሉ።

ይህን ወረቀት ስታይ ግራ ሊገባህ ይችላል። በየቀኑ በስልክ የምንነጋገር ሰዎች ምን ደብዳቤ ያጻጽፈናል ትል ይሆናል። በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል። አንዴ ገና «ስማኝማ» ከማለቴ «እሱን ተዪውና አባባ ዛሬ ለምን ትንሽ ብቻ ተራመዱ?» አልከኝ። ሁለተኛው ጊዜ ስብሰባ ልትገባ ነበር። ወረቀት ይዘህ ግን ልታቋርጠኝ አትችልም። ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ከሰዓቱ ልጀምር። ከሁለት ወር በፊት መጥተህ ያን ጥቁር ስማርት ሰዓት ከካርቶኑ አውጥተህ አባባ እጅ ላይ ስታስር፣ እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የልብ ምታቸውን ይቆጥራል፣ እርምጃቸውን ይቆጥራል፣ ቢወድቁ ይናገራል፣ ሁሉንም በእኔ ስልክ በኩል አንተ ስልክ ላይ ያደርሳል አልክ። አባባ ግራ እጃቸውን ሰጥተውህ ያዩህ ነበር። የራሳቸውን ሰዓት፣ ያንን ጠዋት ጠዋት በጣታቸው የሚሞሉትን፣ አውልቀህ መሳቢያ ውስጥ ከተትከው። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ያሰማሩበት ሰዓት ነው። ሾፌሮቹ «ጋሽ ደቂቃ» የሚል ስም ያወጡላቸው በእሱ ምክንያት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

አባባ አልሞከሩም ብትል ግን በደልካቸው። አራት ቀን ሞክረዋል፤ እኔም ለምኛቸዋለሁ። መጀመሪያ ያናደዳቸው የሰዓቱ ፊት መጥቆሩ ነው። «እጄን ካላወዛወዝኩለት ስንት ሰዓት እንደሆነ አይነግረኝም። ለሰዓት ሰላምታ ልስጥ?» አሉ። በማግስቱ ጋዜጣ እያነበቡ ሳለ ነዘራቸውና «ተነስተው ይንቀሳቀሱ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡትና «ማነው ይሄ ደግሞ? ሥራ አስኪያጁም እንዲህ ብሎ አዞኝ አያውቅ!» አሉ። ቻርጅ ላደርገው ግድግዳው ላይ ስሰካው ደግሞ «ሰዓት ይጠባል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። በአራተኛው ቀን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እኔ ሰዓት የማስረው ላየው ነው። ይሄኛው እኔን ሊያይ ነው የመጣው» አሉኝ። መሳቢያውን ከፍተው የራሳቸውን አወጡ፣ ሞሉት፣ ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡት፣ አሰሩት። ሁለቱን በሁለቱ እጃቸው ይሰሩ ያልከውንም ነግሬያቸው ነበር። «ሁለት አስሬ ልዙርና ሰዓት ሻጭ ይበሉኝ?» አሉ።

ያን ቀን ከቀትር በኋላ ደወልክ። «ሰዓቱ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነው። ለምን አወለቁ? አንቺ ነሽ የምታሞላቅቂያቸው» አልክ። ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ የአረጋውያን መኖሪያው ውስጥ ተራ እንዳስያዝክላቸው ነገርከኝ። ክትትል ከሌላቸው እቤት መቀመጥ አይችሉም፣ ምርጫው የአንቺ ነው አልክ። «ወይ ሰዓቱ ወይ መኖሪያው ነው፣ እትዬ።» እትዬ የምትለኝ አንድ ነገር ስትፈልግ ብቻ ነው።

ያንን መኖሪያ አብረን አይተነዋል። አልጋዎቹ ንጹሕ ናቸው፣ ሠራተኞቹም ክፉ ሰዎች አይመስሉም። መስኮቶቹ ግን ሁሉም ወደ ውስጥ ግቢ ነው የሚያዩት። አባባ ደግሞ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው፣ ከታች ፌርማታው ላይ የሚቆመውን እያንዳንዱን አውቶቡስ በሰዓታቸው እያመሳከሩ «ስድስት ደቂቃ! ስድስት ደቂቃ አርፍዶ ደግሞ ይንጠባረራል!» እያሉ የሚውሉ ሰው ናቸው። ከዚያ በረንዳ ቢነሱ ስንት ቀን እንደሚቆዩ አሰብኩ። ስማርት ሰዓቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ እጄ ላይ አሰርኩት።

ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክህ ላይ ያየኸው ሁሉ የእኔ ነው።

«አባባ ዛሬ ዘጠኝ ሺህ እርምጃ ሄዱ እኮ!» ብለህ የጮህክበት ቀን፣ የምሠራበት ልብስ ስፌት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚያስረክብበት ቀን ነበር። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሜ ስመላለስ ዋልኩ። «ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሁሉ አሳየኋቸው» አልከኝ። «በሰባ ስምንት ዓመታቸው!» አልክ። አባባ በዚያች ሰዓት በረንዳው ላይ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ዘጠኝ ሺሁን የሄደችው የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ ለእሷ ማንም አላጨበጨበላትም።

አባባ ሰዓቱን እጄ ላይ ያዩት ቀን «ለአንቺም አመጣልሽ እንዴ?» አሉኝ። ሻያቸውን ጨመርኩላቸው። «ጎሽ፤ እህቱን ማሰቡ ጥሩ ነው። ያምርብሻል» አሉና ወደ አውቶቡሶቻቸው ዞሩ። ራት ላይ ሁለት ጊዜ አመሰገኑህ።

ከዚያ ስልኩ መጮህ ጀመረ። የመጀመሪያው ዕለት ሥራ ቦታ ደረጃው መሃል ላይ ነበርኩ። «ምታቸው መቶ አርባ ገብቷል፤ ምን እያደረጉ ነው?» አልክ። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ «ደረጃ ወጥተው ነው» አልኩህ። ሁለተኛው ዕለት ግን ደረጃ የለም፤ ቁጭ ብዬ ከተሰፋ ሱሪ ላይ ክር እየለቀምኩ ነበር። ሦስተኛው ዕለት ስልክህ ላይ «የተዛባ ምት» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣብህ። «እኔ ከዚህ ሆኜ የማየውን አንቺ እዚያው ተቀምጠሽ አታይም?» አልከኝ። ልክ ነህ፣ አላየሁም። ጠዋት ጠዋት ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሲገለባበጥ ይሰማኝ ነበር። ድካም ነው ብዬ ተውኩት። መቀሱን ሳነሳ እጄ ይዝላል፣ አብራኝ የምትቆርጠው ሴት «እርጅና መጣ፣ ተቀበዪው» እያለች ትቀልድብኛለች፣ አብረን እንስቃለን።

ያኔ ልነግርህ ይገባ ነበር። ብነግርህ መኖሪያው ይመጣል ብዬ ፈራሁ። እኔ ስፈራ አንተ ቀጠሮ ያዝክ፤ ይባስ ብለህ ለአባባ ራስህ ደወልክላቸው። «አባባ፣ ልብዎ ደህና አይደለም» አልካቸው። ስልኩን ለእኔ መልሰው ሰጡኝና ገብተው ተኙ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት በረንዳ አልወጡም። ጋዜጣ ለመግዛት ደረጃ መውረዱን ተዉት። ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሲመጡ ግድግዳ ይደግፋሉ፤ እኚያ ሰው! «አንቺ ልጅ፣ ሰው ልቡ ሲታመም ለራሱ አይታወቀውም ማለት ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። አንድ ጠዋት ሰዓታቸው ቆሞ አገኘሁት፤ መሙላቱን ረስተውታል። እኔው ሞላሁት። ከበረንዳው እንዳይነሱ ብዬ ዋሸሁ፤ ያስነሳቸውም የእኔው ውሸት ሆነ። በዚህ በኩል ያለውን ጥፋት ላንተ አላካፍልህም። የእኔ ነው።

ምርመራው ሁለት ቀን ፈጀ። ደረታቸው ላይ ሽቦ ለጥፈው ቀንና ሌሊት የሚመዘግብ መሣሪያ አሰሩባቸው። ሰኞ ጠዋት ሐኪሟ ወረቀቶቹን ዘርግታ «አባባ፣ ይሄ የጎልማሳ ልብ ነው። ማነው ያስፈራራዎት?» አለቻቸው። አባባ ወደ እኔ ዞሩ። ሰዓቱ ስላወጣው ማስጠንቀቂያ አስረዳኋት። ሐኪሟ «የትኛው ሰዓት?» አለችና የአባባን ግራ እጅ ይዛ አየችው፤ ያ አሮጌ ሰዓታቸው ነው የታሰረው። ማሰሪያውን ገፋ ብታደርገው ከሥሩ ያለው ቆዳ ፀሐይ ነክቶት እንደማያውቅ ያስታውቃል። ከዚያ የእኔን እጅ አየች። አባባን «ሸሚዝዎን ይልበሱና ውጭ ትንሽ ይጠብቁን» አለቻቸው። በሩ ሲዘጋ «አንቺ ነይ፣ እዚህ ተኚ» አለችኝ። አልጋው ላይ የተነጠፈው ወረቀት አባባ እንደተኙበት ተጨማዶ ነበር፤ አልቀየረችውም።

የእኔን ውጤት ማክሰኞ ሄጄ ወሰድኩ። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ደውለህ «አሁን ምን አስደነገጣቸው? ምታቸው ዘለለ እኮ!» ስትለኝ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ እያነበብኩት ነበር። «የአባባ ውጤትስ?» አልክ። «ገና ነው» አልኩህ።

ልከስህ ብዬ አይደለም የምጽፈው የሚል ዓረፍተ ነገር ጀምሬ ሰረዝኩት። ልከስህ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ በየሰዓቱ ልቤን ስትመለከት ከረምክ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ማንም ሰው ስለ እኔ እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም። ስብሰባ አቋርጠህ ወጥተህ ደውለሃል፤ አንድ ቀን በመንገድ ዳር መኪና አቁመህ ደውለሃል። ከዚያ ሁሉ ስልክ ውስጥ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያልክበት አንድም የለም። ፈልጌ አጣሁት።

አባባን ብታያቸው ደስ ይልሃል፤ ወጣት ሆነዋል። ከሆስፒታል ስንወጣ «ታዲያ ያ ሰዓት ምን ነክቶት ነው እንዲያ ያለው?» አሉኝ። «ተበላሽቶ ነው» አልኳቸው። «አላልኩሽም! ውሸታም ነው አላልኩሽም!» ብለው መንገድ ላይ ቆሙ። አሁን ሰፈሩን አዳርሰውታል። ለጋዜጣ ሻጩ፣ ለጎረቤታችን ለጡረተኛዋ መምህርት፣ ፌርማታው ላይ ለሚቆመው ሁሉ «ልጄ ያመጣው ሰዓት ገድሎኝ ነበር፤ ሐኪሟ አስነሳችኝ» እያሉ ያወራሉ። እኔንም «አውልቂው እንጂ፣ አንቺንም በሽተኛ ያደርግሻል» ይሉኛል። ሐኪሟ ግን ሆስፒታል እስክትተኚ ድረስ ከእጅሽ እንዳታወልቂው ብላኛለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሐኪሟ የሰባቱን ሳምንታት መዝገብ ማየት ትፈልጋለች። ሙሉው ያለው አንተ ስልክ ላይ በአባባ ስም ነው። አንድም ቀን ሳትዘል ላክልኝ። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ግን ተዋቸው፤ እነሱ እውነትም የአባባ ናቸው።

የሚመጣው ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል እንድገባ ታዝዣለሁ። ስንት ቀን እንደምቆይ ስጠይቅ «ከፍተን ካየነው በኋላ እንነግርሻለን» ነው ያሉኝ። ለአባባ ለሥራ ከከተማ እወጣለሁ ብያቸዋለሁ። «የት ነው የምትሄጂው? በየትኛው አውቶቡስ?» ብለው ያፋጥጡኛል። ብቻቸውን ማደር አይችሉም። መኖሪያው ደግሞ ትናንት ደውሎ ተራቸው እንደደረሰና አልጋውን እስከ ረቡዕ እንደሚይዝላቸው ነገረኝ። ፎርሙ ላይ ያለው ፊርማ የአንተ ስለሆነ መልሱንም የሚፈልጉት ከአንተ ነው። ወይ መጥተህ አብረሃቸው ትቀመጣለህ፣ ወይ እሺ ብለህ ትፈርማለህ። ይህን ደግሞ እኔ እንድመርጥ አትጠይቀኝ።

ደብዳቤውን አባባን በሚያውቅ ሾፌር እጅ ልኬዋለሁ፤ ዓርብ ይደርስሃል። ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። ወገብህን ችላ አትበለው፣ ታየው። ቤትህን ጤና አይለየው፤ ልጆችህ ሲያድጉ ለማየት ያብቃህ፤ ስታረጅም የሚጠይቅህ አያሳጣህ። እኔ ረቡዕ ሥራ አልገባም። እስከ ቀትር እቤት ሆኜ መልስህን እጠብቃለሁ።

እህትህ