ሽምግልና ሄጄ መጥሪያ መጣብኝ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እህቴ ለወይዘሮ ዓይናለም፤ ደብረ ብርሃን።

ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ ራራላችሁ ወይስ እንደ አምናው ነው? ዓይንሽን ታክመሽ ዳንሽ መባሉን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እንግዲያው ይህን ደብዳቤ መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው፤ ለማንም አትስጪ። እኔ ይክበር ይመስገን በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። ደኅና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ፈርቻለሁ። የሱዳንን በረሃ ልጅሽን ይዤ ሳቋርጥ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

ጽሑፌን ታውቂዋለሽ፤ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል ነው። ቢሆንም ሰው ይጻፍልኝ ብዬ አልለመንኩም። ጠበቃዬ ስለ ነገሩ በስልክ እንዳላወራ አስጠንቅቃኛለች፤ ደብዳቤ አትጻፍ ግን አላለችኝም። ወዳጄ ቶማስ ለኅዳር ሚካኤል አገር ስለሚገባ በእጁ ልኬልሻለሁ።

ያን ቀን ደውለሽ እያለቀስሽ፣ «ጋሼ፣ በራስህ አድርገው፤ አንተን ሽማግሌውን ምን ያደርጉሃል» ያልሽኝን ሰምቻለሁ። አሁን እመልስልሻለሁ፤ ግን ነገሩን ከሥሩ ስሚኝ።

ልጅሽ ወንዳፍራሽ ሐዋሳ ላይ ሆቴል እንሠራለን ብሎ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላለነው ሐበሾች አክሲዮን ሲሸጥ ነበር። ፎቁን በሥዕል ያሳያል፣ የመዋኛ ውኃው ሳይቀር አለ። እኔም ልጄ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ አጠገቡ ቆሜያለሁ። መሬቱ ግን የለም። ለካ እዚህ አገር አክሲዮን እንደ ሽንኩርት ዝም ብሎ አይሸጥም፤ አስቀድሞ መንግሥት ዘንድ ይመዘገባል። እሱ ያስመዘገበው ነገር የለም።

ይህን የሚከታተል ለብቻው የቆመ መሥሪያ ቤት አለ። በውስጡ የአክሲዮን ነገር ብቻ የሚያይ ዳኛ ይቀመጣል። እኔ ዳኛ ሲባል የማውቀው የመሬቱንም የሌባውንም የባልና ሚስቱንም የሚያየውን ነው፤ ይሄኛው ከአክሲዮን ሌላ አያውቅም። ሰው አያስርም። ግን የፈለገውን ሰው በመጥሪያ ያስቀርባል፣ ያስምላል፣ የባንክ ወረቀት ያስመጣል፣ የበላኸውን ትፋ ይላል፣ ሁለተኛ አክሲዮን እንዳትነካ ብሎ ያግዳል። የሚያስረው ትልቁ ፍርድ ቤት ነው፤ እዚያ አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጦ ሰምቶ ይፈርዳል። የወንዳፍራሽን የባንክ ሒሳብ ገና ሳይፈረድበት ያገደውም ይኸው ትልቁ ፍርድ ቤት ነው። የልጁ ነገር በትንሹ ዳኛ በኩል ሊያልቅ ይችል ነበር። ወደ ትልቁ እንዲሻገር መንገዱን የጠረግሁት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ ናዝራዊት ናት፤ ሆሊውድ አብሮኝ ፓርኪንግ የሠራው የአድማሱ ልጅ። ካልቨር ሲቲ የጥብቅና ቢሮ አላት። እዚህ ስላደገች አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም። «ጋሼ መኩሪያ፣ ሊስን፣ አንተ አሁን ምስክር ነህ፣ ኦኬ?» ስትለኝ በመጀመሪያው ቀን ተቆጥቼ ልወጣ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋናዋ ምስክር ወይዘሮ አበባ ናት፤ የፈረንጅ አሮጊቶችን ስታጥብና ስታበላ የኖረች፣ ያጠራቀመችውን ሁሉ ለዚያ ሆቴል የሰጠች ሴት። ወንዳፍራሽ ቤቴ መጥቶ ጉልበቴን ይዞ፣ «ጋሼ፣ አበባ ዘንድ ሽማግሌ ሁንልኝ» አለኝ። አጥፍቶ ሽማግሌ የሚልክን ልጅ እምቢ የሚል ሰው አለ ወይ? ጓደኞቼን ጉግሳንና ለይኩንን ይዤ፣ ከቅዳሴ እንደወጣን፣ ነጠላችንን እንዳጣፋን ባልድዊን ሂልስ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ሄድን።

አበባ በክብር ተቀበለችን። ምሳ አቀረበች። እኛም እንደ ወጉ፣ እሺ ካላልሽን እህል አንቀምስም፣ ከዚህም አንነሣም አልናት። ጉግሳ እንደሚያውቀው አድርጎ አባቷን አነሣ፣ ደግነቷን አነሣ። ከዚያ የላኪውን ቃል ማድረስ የኔ ተራ ሆነ። ሽማግሌ የተላከውን ቃል አይጨምርም አይቀንስም፤ እኔም ልጅሽ እንዳለኝ አድርጌ፣ «ገንዘብሽን እስከ ፋሲካ እመልሳለሁ፤ አንቺ ደግሞ ዳኛው ሲጠይቅሽ አላስታውስም በይ ብሎሻል» አልኳት። የተሸከምኩት ምን እንደሆነ የገባኝ ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ነው። ጉግሳ ጎኔን ጎሸም አደረገኝ። አበባ ሳህኑን ከፊቴ አነሣችና፣ «ጋሼ መኩሪያ፣ ለእርቅ ቢመጡ እግርዎን አጥቤ እሺ እል ነበር። እርስዎ ግን ይዘውልኝ የመጡት አፍ መዝጊያ ነው» አለችኝ። ኮፍያዬን እዚያው ረስቼ ወጣሁ።

ከዚያ መጥሪያ መጣ። ናዝራዊት ስታነብልኝ ምን ይላል መሰለሽ? ሦስት ወንዶች ወደ ምስክሯ ቤት ገብተው፣ የቀረበላቸውን ምግብ አንበላም ብለው፣ እሺ እስክትል አንነሣም ብለው፣ የምታውቀውን እንዳትናገር ጠየቋት። ውሸት ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ከተጻፈው አንድም ውሸት የለበትም፤ ያደረግነውን ነው የጻፉት። በነሱ ቋንቋ ሲነበብ ግን የወንበዴ ሥራ መሰለ። ናዝራዊት፣ «እንብላ ብትሉ ኖሮ እንኳ ይሻል ነበር» ብላ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

የፊታችን ማክሰኞ እቀርባለሁ። አስተርጓሚ አለ። የሚጠይቁኝ ዋናው ነገር አንድ ነው፤ ያንን ቃል ማን ሰጠህ? የራሴ ነው ካልኩ ወደ ትልቁ ፍርድ ቤት የምሄደው እኔ ነኝ። ወንዳፍራሽ ነው ካልኩ እሱ ይሄዳል። ምዬ ብዋሽ ደግሞ ውሸቱ ለብቻው ሌላ ወንጀል ይሆናል። ዜግነት ውሰድ ስባል አገሬን አልክድም ብዬ በእልኬ ቀርቻለሁ፤ አሁን ጥፋተኛ ከተባልኩ ወደ አገርህ ግባ ሊሉኝ ይችላሉ አለች ናዝራዊት። የሚስቴ መቃብር እዚህ ነው፤ ወዴት ትቻት እገባለሁ?

«ዝም ማለት መብትህ ነው፤ እኔም የምመክርህ ዝም እንድትል ነው» አለችኝ። ስሜ ተጠርቶ አንገቴን ደፍቼ ዝም ልል? እምቢ አልኳት። ተናዳ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረች። ግትር ማለቷ እንደሆነ ከፊቷ አወቅሁ፤ ሚስቴ ነፍሷን ይማርና በአማርኛ ስትለኝ ነው የኖረችው። ከቢሮዋ እንደወጣሁ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መጥሪያው ከመጣ ወዲህ የፖስታ ሣጥኔን ከፍቼ አላውቅም፤ ቁልፉን ለጉግሳ ሰጥቼዋለሁ።

ከወንዳፍራሽ ጋር እንዳንነጋገር ተከልክለናል። ትናንት በርበሬ ልገዛ ሱቅ ገብቼ በመስታወቱ ማዶ ሲያልፍ አየሁት። ከስቷል። አየኝና እጁን ሊያነሣ ብሎ ተወው። እኔም ወደ በርበሬው ዞርኩ። ሻጯ «ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። በራሴ አላደርገውም። እስር ፈርቼ አይደለም ብዬ አልጎርርብሽም፤ ፈርቼም ነው። ግን አበባ ሳህኑን ስታነሣ ያየሁት ፊት አለ። እኔ ዋሽቼ ብምል ያችን ሴት ለሁለተኛ ጊዜ አላስታውስም በይ እንዳልኳት ነው። ቃሉን የሰጠኝ ወንዳፍራሽ ነው፣ ያደረሰው አፍ የኔ ነው ብዬ ሁለቱንም እናገራለሁ። ለመማል የማነሣው እጅ፣ ያኔ የልጅሽን እጅ ያስያዝሽበት እጅ ነው። አደራ ያልሽኝ በሕይወት እንዳደርሰው ነበር፤ አድርሻለሁ። ቢያስሩትም በየሳምንቱ በሩ ላይ እቆማለሁ። አንቺ ይህን ስታነቢ ማክሰኞ አልፏል። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ስሚው ብዬ ነው። ብትረግሚኝም ከኔ ሰምተሽ እርገሚኝ።

ለልጅሽ ለቅድስት፣ ለባሏ ለመንግሥቱ ሰላም በይልኝ። ልጃቸውን ኖላዊን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ቁመቱን በበሩ መቃን ላይ ለክተሽ ላኪልኝ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ አንድ በአንድ እንደምን አላችሁ በይልኝ። ለአንድ ሰው ብቻ ሰላምታ አልላክሁም። በሌላ ሰው በኩልም ቢሆን ቃል እንዳትልክለት ተብያለሁ። ልጅሽ ሲደውልልሽ፣ ጋሼ እንዴት ነው ብሎ ከጠየቀሽ እንኳ ዝም በይው። የሰው ቃል ተሸክሞ መሄድ የሚያመጣውን እኔ አይቻለሁ፤ አንቺ እንዳታዪው።

ወንድምሽ መኩሪያ
ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ
ኅዳር ፬ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም.