ከጉብታው ወዲህ የቀረች የስፖርት መኪና

ይድረስ ለተከበሩ የመንገድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ሆኑ መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዲበረክት፣ ወገብዎ እንዳይነካ፣ የሚቀመጡበትም ወንበር እንዲደላዎ ዘወትር እመኛለሁ። የእኛን ደህንነት ለማወቅ ከፈለጉ እጅግ በጣም ደህና ነን፤ በመኪና ከሰፈራችን መውጣት ካቆምን ወዲህ የመኪና አደጋ የሚባል ነገር ደርሶብን አያውቅም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ለወቀሳ እንዳይመስልብኝ አደራዎን። ጽሕፈት ቤትዎ ለቤተሰቤ የዋለውን ውለታ ብቻዬን ይዤው ብቀር ንፉግነት ስለሚሆንብኝ ነው። ውለታው ብዙ በመሆኑም እንዳይደበላለቅብኝ በተራ አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መልካም ምክርዎ አመሰግናለሁ።

እኔ የመኪና ማሽከርከር አሰልጣኝ ነኝ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት መሪው በሌላ ሰው እጅ ሆኖ፣ እኔ ከጎን ተቀምጬ፣ እግሬን በእኔ በኩል ከተገጠመው ትርፍ ፍሬን ላይ ሳላነሳ ነው፤ ተለማማጆቼ «ፍሬን» የሚል ቅጽል ስም ያወጡልኝም ለዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በመጨረሻ ለራሱ መኪና ሲገዛ ምን ዓይነት እንደሚመኝ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለየዕለቱ መመላለሻ ብዬ ስፈልግ ሁለት መኪኖች ዓይኔ ገቡ። አንዷ ባለ ሁለት በርና ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ነበረች፤ ከመሬት ከፍ ያለችው ለይሉኝታ ያህል ብቻ ሲሆን ሞተሯ ሲነሳ ድምፁ ከጆሮ በፊት ደረት ላይ ይደርሳል። ሌላው ባለ አራት በር ሲዳን ነበር፤ ቆሞ ሲያዩት ስብሰባ የረፈደበት ሒሳብ ሹም ይመስላል፣ ነዳጅ ሲረግጡለት ግን በፍጥነት ከስፖርት መኪናዋ የሚተናነስ አልነበረም።

ባለቤቴ ሲዳኑን መረጠች። ልብስ ሰፊ ናትና ሻጩ ግቢ የመጣችው ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነበር፤ የሁለቱንም መኪኖች መቀመጫ ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ ጎንበስ ብላ ለካች። ሻጩ ስለ ሞተሩ ጉልበት ሲያስረዳት እሷ የምታስበው ስለ አባቷ ጉልበት ነበር። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አባቷ የረጅም መንገድ የተሳቢ ሾፌር ነበሩ፤ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ከተደረጉ በኋላ ከከተማው ማዶ ወዳለ ክሊኒክ እየተመላለሱ ለእግራቸው የእንቅስቃሴ ሕክምና መውሰድ ነበረባቸው። ይህ ከተቋረጠ ጉልበታቸው እንደገተረ እንደሚቀር የክሊኒኩ ሐኪም ሳትሸፋፍን ነግራናለች።

ክርክሩን የቋጩት ግን ራሳቸው አማቴ ናቸው። ልጃቸው ከዝቅተኛ ወንበር መነሳት እንደሚከብዳቸው ስታስረዳ እስከ መጨረሻው ሰሟትና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ሁሉ በላይ ተቀምጬ ነዳሁ፤ እስቲ አሁን ደግሞ ዝቅ ብዬ ልሂድ» አሉኝ። ባለቤቴ ሜትሯን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

የሆነ ሆኖ ጠንቃቃ ሰው ነኝና ከመግዛቴ በፊት ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። ዝቅ ያለች መኪና ልገዛ በመሆኔ በመንገዳችን ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የመሥራት ሐሳብ ይኖር እንደሆነ በትሕትና ጠየቅኩዎ። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «ሐሳቡም የለም፤ ያሻዎትን ይግዙ፤ መንገዱ እንደሆነ የትም አይሄድ» ሲሉ መለሱልኝ። ቃልዎን ጠብቀዋል፤ መንገዳችን ከዚያ ወዲህ የትም አይሄድም።

ሁለተኛ፤ ጉብታውን ከመሥራትዎ በፊት ስላቆዩን ጊዜ አመሰግናለሁ። አጭር ቢሆንም የእኛ ነበር።

አማቴን የገዛናት የስፖርት መኪና ውስጥ ማስገባት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። መጀመሪያ ጀርባቸውን ለመኪናዋ ይሰጣሉ፣ ቀጥሎ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላሉ፣ ከዚያ እኔ እግሮቻቸውን አንድ በአንድ አንስቼ አስገባላቸዋለሁ። ከገቡ በኋላ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ክሊኒኩ ጋ ከመድረሳችን በፊት ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ስለሆነ እዚያ ስንደርስ ወደ ፊት እያዩ፣ ለማንም እንዳልተናገሩ ሆነው፣ ትንሽ እንድጨምርበት ይነግሩኛል። ተሳቢ በጎናችን ሲያልፍ ጎማው ከመስኮታችን በላይ ይሆናል፤ እሳቸው አንጋጠው ሾፌሩን በእጃቸው ሰላም ይላሉ፣ ሾፌሩም ሰላምታው ከየት እንደመጣ ለማየት ከላይ አንገቱን ያሰግጋል። ክሊኒክ ደርሰን ሲወርዱ ፊታቸው እንደበራ ነው፤ ሐኪሟም የጉልበታቸው መታጠፍ ከሳምንት ሳምንት እየተሻለ መሄዱን ትነግረን ነበር። እኔም፣ የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ሰው ወደ ሥራው ሲሄድ ደስ ሊለው እንደሚችል ያወቅኩት በዚያን ሰሞን ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ጉብታው።

መንገዳችን ሁለት ጫፎች ያሉት መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። በታችኛው ጫፍ ጽሕፈት ቤትዎ ለቱቦ ብሎ ቆፍሮ ቱቦውን የረሳው ቦይ አለ። የቀረን መውጫ በላይኛው በኩል ያለው ነበርና አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ጉብታው እዚያ ተሠርቶ አገኘነው። ጉብታ የምለውም ሌላ ቃል ስላጣሁለት ነው፤ ጎረቤታችን አናጢው አጥር መስሎት በሩ በየት በኩል እንደሚሆን ሠራተኞቹን ጠይቋል።

የዚያን ቀን አማቴ ቀጠሮ ነበራቸው። ለተለማማጆቼ እንደማስተምረው በአንደኛ ማርሽ፣ በሰያፍ፣ ቀስ ብዬ ወጣሁ። የፊት ጎማዎቹ አለፉ፤ የመኪናዋ ሆድ ግን ጉብታው ላይ ተቀመጠ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም እምቢ አለች። በሩን ልከፍት ብሞክር የታችኛው ጠርዙ ሲሚንቶውን ነክሶ አልላወስ አለ፤ በአማቴ በኩል ያለውም እንዲሁ። ከኋላችን መኪኖች ተሰልፈው ጥሩምባ መንፋት ጀመሩ። ከነፊዎቹ አንዱ የራሴ የቀድሞ ተለማማጅ ነበር፤ መጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ ካለ በኋላ ሞተሩን አጥፍቼ ማርሹን ዜሮ እንዳደርግ በአክብሮት መከረኝ። ላስተማረ ሰው መከበሪያ የሚሆን እንዲህ ያለ አጋጣሚ ስላዘጋጁልኝም አመሰግናለሁ።

አማቴ ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ይመለከቱ ነበር። የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ፤ አናጢው፣ ባለ ሱቁ፣ የቀድሞ ተለማማጄና ሌሎችም ሆነው መኪናዋን ከነእኛ አንስተው ወደመጣንበት መለሱን። ግቢ ገብተን እግራቸውን አንስቼ ሳወጣላቸው አማቴ ፊቴን ሳያዩ፣ «ከእንግዲህ ሰው እንደ ጭነት አንስቶኝ የትም አልሄድም» አሉኝ።

እንዳሉትም አደረጉ። ታክሲ በር ድረስ ባስመጣ አልነሳም አሉ። ሐኪሟ ደውላ ብትለምናቸው ስልኩን ሰምተው ለልጃቸው መለሱላት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መተኛት ጀመሩ፤ ሲያወሯቸውም መልሳቸው አንድ ቃል ብቻ ሆነ። ጉልበታቸው ቀን በቀን ሲገትር እናይ ነበር። ባለቤቴ ስለ ሲዳኑ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን ጠዋት ጠዋት የአባቷን እግር ለማጠፍ ስትታገል ቆይታ፣ ዓይኗን ጠርጋ፣ ወደ ስፌት ቤቷ ትሄዳለች።

አራተኛ፤ ስለ ፈጣን ምላሽዎ።

እርግጥ ነው፣ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። አናጢው መወጣጫ የሚሆኑ ጣውላዎች ሠራልኝ፤ ደንብ አስከባሪዎ በመንገድ ላይ እንቅፋት ማስቀመጥ ክልክል ነው ብሎ ወሰዳቸው። ከጉብታው አጠገብ ቆሞ ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ ምንም ፈገግታ ስላልነበረ ለሥራው ያለውን ጽናት አደነቅኩለት። መኪናዋን ልሽጥ ብዬ ሰው ባመጣ፣ ገዢው ዙሪያዋን አይቶ ከወደዳት በኋላ በምን እንደሚያወጣት ጠየቀኝ፤ ወደ ጉብታው ብጠቁመው ተሰናብቶኝ ሄደ። በመጨረሻ ለጽሕፈት ቤትዎ ማመልከቻ አስገባሁ። የአማቴን ሕመም፣ የእኔን መታሰር፣ የጉብታውን ከፍታ ዘርዝሬ ዝቅ እንዲደረግልን ለመንኩ።

ምላሽዎ ከጠበቅኩት በላይ ፈጣን ነበር። ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ባለሙያዎች መጡ፣ ለኩ፣ ቀለም ቀቡ። በነጋታው ሠራተኞች መጥተው ሁለተኛ ጉብታ ልክ በግቢዬ በር ፊት ለፊት ሠሩልኝ። የሠራተኞቹን አለቃ ለምን ብዬ ብጠይቀው የያዘውን ትእዛዝ ተመልክቶ፣ ነዋሪው ስለ ጉብታ ባቀረቡት ማመልከቻ መሠረት መሆኑን በትሕትና አስረዳኝ።

ስለዚህ አሁን መኪናዋ ከግቢው በር እንኳ አትወጣም። እኔ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሌሎች እንዴት እንደሚሄዱ ሳስተምር ውዬ እመለሳለሁ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ በሯን እዘጋለሁ። ሞተሩን አላስነሳም። ባለቤቴ ራት ደርሷል ብላ ስትጣራ የሰማሁ አልመስልም።

አምስተኛና የመጨረሻው ግን፣ የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ከልቤ የማመሰግንዎ ነው።

ሁለተኛው ጉብታ በሚሠራበት ቀን የማሽኑ ድምፅ ቤቱን ሲያናውጠው አማቴ ከተኙበት ሆነው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እኔ ወደ በሩ ተመልሼ ከአለቃው ጋር ስነጋገር ከኋላዬ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤ ዞር ስል አማቴ ግድግዳውን ይዘው፣ አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርገው፣ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ልይዛቸው ስሮጥ በእጃቸው ከለከሉኝ። ግቢውን ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው አቋረጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና አለቃውን፣ «ይሄን ያዘዘው ሰው የት ነው የሚቀመጠው?» ሲሉ ጠየቁት።

አለቃው በዋናው መንገድ አቅጣጫ አመለከተ። ለእሳቸው ሩቅ መሆኑንም አዝኖ ነገራቸው።

«እንግዲያ ልለማመድ» አሉ አማቴ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ይወጣሉ። መጀመሪያ በራችን ላይ ያለው ጉብታ ድረስ ሄደው፣ በከዘራቸው ሁለት ጊዜ መትተውት ይመለሱ ነበር። ቀጥሎ የላይኛውን ጉብታ መምታት ጀመሩ። አሁን አልፈውት እስከ ልጃቸው ስፌት ቤት ይሄዳሉ፤ ባለቤቴ መጀመሪያ ያየቻቸው ዕለት ማሽኑን ሳታቆም በመነሳቷ የደንበኛ እጅጌ ተበላሽቶባታል። ሐኪሟ ቤት ድረስ መጥታ ጉልበታቸውን ካጠፈችና ከዘረጋች በኋላ ምን ቢያደርጉ እንዲህ እንደተሻላቸው ጠይቃቸው ነበር። «ተናደድኩ» አሏት። ክሊኒኩ ያልቻለውን የቻሉት እርስዎ ነዎትና ይህ ውለታ በምን ይከፈላል?

እኔ እንኳ እንደታሰርኩ ነኝ፤ እሳቸው ግን ወጥተዋል። ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣ ከሰጠሁት ቅጂ ሌላ ዋናውን ለእርስዎ የሚያመጡት እሳቸው ናቸው፤ በአውቶቡስ እኔ አድርሼው ልምጣ ብል አይሆንም ብለውኛል። ቢሮዎ ፎቅ ላይ መሆኑን፣ አሳንሰሩም እንደማይሠራ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸው ግን የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ። እኔም በርቀት እከተላቸዋለሁ፤ እባክዎ እንዳይነግሩብኝ። ስብሰባ ላይ ናቸው ቢባሉ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ነገ ይምጡ ቢባሉም ነገ ይመጣሉ፤ ለእግራቸው ጥሩ ነው።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ መንገዴን ስለወሰዱልኝ እያመሰገንኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲጸና፣ ደረጃዎም ከፍ ከፍ እንዲል፣ ከጉብታዎችዎ ግን እንዳይበልጥ በመመኘት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

በሁለት ጉብታና በአንድ ቦይ መካከል ነዋሪ የሆነው፣
የማሽከርከር አሰልጣኝ

ማስታወሻ፤ ባለፈው ጉብታውን ሊጎበኙ የመጡበት የመሥሪያ ቤቱ ፈጣን ሲዳን ከእኛ ሰፈር ሲወጣ ጉብታው ከሥሩ የገነጠለውን አንድ ጥቁር የሞተር ሽፋን ጥሎ መሄዱን ምናልባት አላስተዋሉት ይሆናል። አንስተን አስቀምጠንልዎታል። ባለቤቴ አይታው ከስንት ጊዜ በኋላ ስቃለች፤ እኔም የሲዳን ነገር ከዚያ ወዲህ አይቆጨኝም። በተመቸዎ ጊዜ መጥተው ይውሰዱት፤ በእግርዎ ቢመጡ ግን ይመረጣል።