ገደሉ ሥር ያለው የድንጋይ ሽበት

ጥቅምት 4
ጠዋት የጂኦሎጂ ቢሮ፣ ከሰዓት ገደሉ ሥር። የወንድምጋሼ አዲስ ቤት ግድግዳ ጉልበት ደርሷል። ግንበኛ አይደል፣ የራሱን ቤት ማንም አይነካበትም።
"ድንጋዮችሽ እንዴት ዋሉ?" ይለኛል እየሳቀ።
በነሐሴ የጠየቀኝ እሱ ነው... ገደሉ መቼ ነው የተናደው? ከወደቁት ድንጋዮች ትልቁ ላይ እንደ ቅርፊት የተጣበቀውን የድንጋይ ሽበት ለካሁ። ድንጋዩ ከወደቀ በኋላ ነው የሚበቅልበት፤ እዚህ አገር በዓመት ግማሽ ሚሊሜትር ይሰፋል። አርባ ሚሊሜትር ሆነ፤ ሰማንያ ዓመት። "ገደሉ ተረጋግቷል፣ ሥራ" አልኩት። ቃሌን ይዞ መሠረት ቆፈረ።

ጥቅምት 9
ለቢሮ ሪፖርት ፎቶ ላነሳ ሄድኩ። በአጉሊ መነጽር ሳየው መሃሉ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር... ክው አልኩ። ሁለት ናቸው! ለየብቻ በቅለው፣ ሲሰፉ ተገናኝተው ነው። እኔ እንደ አንድ ለካኋቸው። አርባ ዓመት እንጂ ሰማንያ አይደለም። ሌሎቹንስ ድንጋዮች መቼ አየሁ?

ጥቅምት 10
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አሁን ልንገረው? በግማሽ እውቀት ሁለተኛ አልናገርም። ሁሉንም እለካለሁ።

ጥቅምት 13
ሃያ ስድስት ድንጋይ። ጉልበቴ ተላጠ። ሃያ ሚሊሜትር፣ አሥራ አምስት፣ አሥር፣ አምስት... በየአሥር ዓመቱ ግድም ይወድቃል ማለት ነው። የመጨረሻው ከወደቀ ደግሞ አሥር ዓመት ሆኖታል። ነገ እነግረዋለሁ። ቢቆጣም ይቆጣ።

ጥቅምት 14
"ሰማንያ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"
"እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።"
"በድንጋይ ሻጋታ ቤቴን ልታፈርሺ?"
ሚስቱ ሆዷን ደግፋ ትሰማናለች። መውለጃዋ ደርሷል። እጁን ይዤ ወሰድኩትና መነጽሩን ሰጠሁት። አጎንብሶ ብዙ ቆየ። መነጽሩን መልሶልኝ ሄደ። አፍሬያለሁ። ግን ዝም ብል ኖሮስ?

ጥቅምት 17
ስልክ አያነሳም።

ጥቅምት 21
ሚስቱ ደወለች። "ነይ፣ ግድግዳውን እያፈረሰ ነው።"
ሄድኩ። ሰላም አላለኝም። እኔም ድንጋይ እያነሳሁ ጋሪው ላይ መጫን ጀመርኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብቻ "ቀስ በይ፣ ጣትሽን" አለኝ።

ኅዳር 2
ከወንዙ ማዶ፣ ሜዳው ላይ አዲስ ችካል ተክሏል። ሳይቆፍር ጠራኝ።
"ለኪ።"
"እዚህ እኮ ገደል የለም ወንድምጋሼ፣ ምኑን ልለካ?"
"ቢሆንም። አንቺ ሳታዪው አልቆፍርም።"
ሜዳው ላይ ያሉትን ጥቂት ድንጋዮች አንድ በአንድ አየሁ፤ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ። ዶማውን ተደግፎ ጠበቀኝ።