ጥቁር የተቀባው መስኮት

ለታናሽ እህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጉልበቴን እንዲህ ያሳመመው እርጅና እንዳይመስልሽ፤ የምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት፣ ያ ባለከረባት ነው። ፊደል ዘግይቼ ብቆጥርም እሱን ለመርገም አላነሰኝም።

“አላፊ አግዳሚ ስታዩ ሥራ ትፈታላችሁ” ብሎ መስኮቶቹን ጥቁር ቀለም ካስቀባ አሥራ ሁለት ዓመቱ። ሳይነጋ ገብተን ሲመሽ እንወጣለን። ሐኪሟ የደሜን ውጤት አይታ፣ “እማማ፣ አጥንት የሚያጠነክረው ቫይታሚን ዲ የለዎትም ማለት ይቻላል። ፀሐይ አይሞቁም እንዴ?” አለችኝ። ዕድሜ ሲገፋም ቫይታሚኑ ይቀንሳል ብላ ኪኒን ሰጠችኝ። ለባለከረባቱ ብነግረው፣ “ፀሐይ እኮ በነጻ ናት፤ እሁድ ሙቂያ!” ብሎ ሳቀ። እሁድም የሚያስገባን እሱ! ራሱ በረንዳ ላይ እንደ ድመት ተዘርግቶ ይውላል፤ ድመት እንኳ አይጥ ትይዛለች።

ልጅሽ ደህና ናት። አጠገቤ ትሰፋለች፤ ሥራውን ያስገኘሁላት እኔ ነኝ። ትናንት ጠዋት የስፌት ቤቱን ደረጃ ስንወጣ መሃል ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። “ምነው?” ስላት፣ “አንቺን እየጠበቅኩ ነው፣ አክስቴ” ብላ ሳቀች። እኔ እኮ ቀድሜያት ላይ ደርሼ ነበር። ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው።

ቤተሰብሽን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ከነገ ጀምሮ ልጅሽን ለሥራ አልቀሰቅሳትም።

እህትሽ