እንዳታጥበው ያሉኝ ካፖርት

ውድ እትዬ ዓመለወርቅ፣

ይህን ደብዳቤ ሹፌሩ አንጁሎ በሚኒባሱ ተበላ ከተማ ድረስ ያመጣልዎታል። እባክዎ መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት፤ ለሃይማኖት አይስጧት። ልጅዎ እስከ ዛሬ እንደ ወንድሟ ነው የምታየኝ። ጮክ ብላ ስታነብልዎ በሐሳቤ ሲመጣብኝ ወረቀቱን ቀድጄ ለመጣል ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ።

እንደ ወጉ «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልጀምር ደህና አይደለሁም። ቻለው ግን ደህና ነው። ይበላል፣ ይጮሃል፣ የጎረቤት ዶሮ ያሯሩጣል። ከእህል ተጣልቶ የሚያውቅ ውሻ አይደለም። ይህን ከሁሉ በፊት የነገርኩዎ በምክንያት ነው፤ ትንሽ ወረድ ብለው ይደርሱበታል።

ባለፈው ማክሰኞ ሲደውሉ ስልኩን ያነሳሁት የሃይማኖት ባል ቁጥር መሆኑን ስላላወቅኩ ነው። በራስዎ ቁጥር የደወሉትን ሁሉ እያየሁ አላነሳሁም። አልተቆጡኝም እንኳን። «የጋሼህ ሙት ዓመት ደረሰ፤ ካፖርቱን ላክልኝ» አሉኝ። ከዚያ «አልታጠበም አይደል?» አሉ። እኔም «ኧረ እትዬ! እንዴት ተደርጎ!» አልኩ።

እትዬ፣ ታጥቧል። ሁለት ጊዜ፣ በሙቅ ውሃና በኦሞ። ያጠብኩት እኔ ነኝ።

አሁን ዋናውን ተነፈስኩት። የቀረውን ከመነሻው ልንገርዎ፤ የማያውቁት ብዙ አለበት።

ከቢጠና መጥቼ ግቢዎ ውስጥ አንዲቷን ክፍል ስከራይ ቻለው ገና ጫማ የሚያኝክ ቡችላ ነበር። ስሙን ያወጡለት ባለቤትዎ ጋሽ ኢሳይያስ ናቸው፤ በአጥሩ ነገር ከሚነዘንዛቸው ጎረቤት ጋር ከመጣላት ውሻዬን «ቻለው! ቻለው!» እያልኩ ብጠራ ይሻለኛል ብለው። እኔ ከስልኬ ያየሁትን አመጣለሁ፣ እሳቸው ትዕግሥቱን ያመጣሉ። ሌሊት ትምህርት ቤቱን ሲጠብቁ አድረው ጠዋት እንቅልፋቸውን ትተው ከእኛ ጋር ግቢው መሐል ይቆማሉ። ቁጭ፣ ሙት፣ አንክስ፣ አምጣ፤ ይህን ሁሉ የተማረው ከእሳቸው እጅ ነው። ያ የፍራሽ ማስታወቂያ ትዝ ይልዎታል? ቻለው ፍራሹ ላይ ተኝቶ አልነሳም ብሎ ባለሱቁ «እንግዲህ ይግዛው!» ሲል ጋሼ በሳቅ እንባቸው ወረደ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ «ለፊልምና ለማስታወቂያ የሚሆን የሰለጠነ ውሻ አለ» ብዬ ስለጥፍ ደግሞ ተቆጡኝ። «የሰለጠነ ብቻ ምን ያደርጋል? ጨዋ የሚለውን ጨምርበት» አሉኝ። ጨመርኩበት።

እሳቸው ካረፉ በኋላ እርስዎ ቻለውን ለእኔ ተዉልኝ። አደራ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡት ፊልም ሠሪዎች ዱቦ አካባቢ ሲቀርጹ እኔንና ቻለውን ለሳምንት ወሰዱን። ፊልሙ ላይ ውሻው የሞተ ጌታው መቃብር ላይ ተኝቶ ማልቀስ አለበት። አፈር ቆልለው፣ ድንጋይ ደርድረው የውሸት መቃብር ሠርተዋል። ቻለው «ተኛ» ስለው ይተኛል፤ ከዚያ ኪሴን እያየ ጅራቱን ይቆላል። ዳይሬክተሩ መክብብ የሚባል ሰው ነው። «ወንድሜ፣ ውሻህ ይተኛል እንጂ አያዝንም እኮ! መቃብር ላይ ነው ያለው፣ ሽርሽር አልወጣም። ነገ ጠዋት ካላዘነልኝ ሌላ አስመጣለሁ» አለኝ። እትዬ፣ ስንት ዓመት የለመንኩት ሙሉ ፊልም ነበር። ስሜ በስክሪን ሊወጣ ነበር። ያን ጊዜ ካፖርቱ ትዝ አለኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሚኒባስ ይዤ ሶዶ ገባሁ። እርስዎ ደጃፍ ላይ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ፊቴን አጥቁሬ «እትዬ፣ ቻለው እህል አልቀምስ ብሏል። ጋሼን እየፈለገ ነው መሰለኝ። እሳቸውን የሚሸት ነገር ባነጥፍለት ምናልባት…» አልኩ። እሱ በዚያች ሰዓት ዱቦ ላይ የካሜራ ባለሙያዎቹን ምሳ እየተሻማ ነበር።

እርስዎ ግን ጎመኑን ጥለው ተነሱ። ካፖርቱን ከበሩ ጀርባ ከምስማሩ አውርደው ፊትዎን ቀበሩበትና ብዙ ቆዩ። «ዝንጅብሉ አሁንም አለ» አሉኝ። ጋሼ ሌሊት ብርዱን ለማባረር የሚያኝኩት ዝንጅብል፣ የዘበኛ ቤቱ እሳት ጭስ፣ ላባቸው፤ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበር። ከዚያ ሰጡኝ። «ታ ናኣው፣ ልጄ፣ ውሰድለት። ሐዘን እኔም አውቀዋለሁ። ብቻ እንዳታጥበው» አሉ። በዚያ ላይ ለታመመው ውሻ ብለው በቅቤ የራሰ የቆጮ ሙቹዋ ቋጠሩልኝ። እሱንም የበላሁት እኔ ነኝ፤ እዚያው ሚኒባስ ውስጥ። ጣፍጦኝም ነበር።

ጠዋት ካፖርቱን ከአፈሩ ሥር ቀበርኩት። ቻለውን ለቀቅኩት። እየሮጠ መጣና ድንገት ቀጥ አለ። አፍንጫውን አፈሩ ላይ አድርጎ ዞረ። ከዚያ መቆፈር ጀመረ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም፤ ጋሼን የቀበርን ዕለት እንኳ እቤት ስለታሰረ አልሰማሁትም። የሜካፕ ሠራተኛዋ አፏን ይዛ ቀረች። መክብብ ግን «ይደገም!» አለ። እኔ ራሴ ካፖርቱን ከቻለው አፍ ነጥቄ መልሼ ቀበርኩት። አራት ጊዜ፣ እትዬ። አራት ጊዜ ጋሼን አገኛቸው፣ አራት ጊዜ ቀማሁት። በአራተኛው ካፖርቱን አውጥቶ ተኛበት፤ ብጠራውም አልሰማኝም። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። የሜካፕ ሠራተኛዋ «እንዴት አድርገህ አሰለጠንከው?» ስትለኝ «ሦስት ወር ፈጅቶብኛል» አልኳት።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ካፖርቱን ቤት ሳደርሰው ቀይ ጭቃ ሆኗል። ሳስበው አድሬ አጠብኩት። ረስቼው ነው ብል ደስ ባለኝ፤ አልረሳሁትም። «እንዳታጥበው» ያሉኝ ጆሮዬ ላይ እየጮኸ ነበር ውሃውን ያሞቅኩት። ጭቃው ያሳጣኛል፣ የሽታው መጥፋት ግን አፍ የለውም ብዬ አሰብኩ። ልመልስልዎ ዛሬ ነገ ስል ሃይማኖት ወለደችና እርስዎ እሷን ሊያርሱ ተበላ ወረዱ። የቤቱን ቁልፍ ሲሰጡኝ ደስ እንዳለኝም ልናዘዝ፤ ጊዜ ገዛሁ ብዬ ነበር።

ከማክሰኞው ስልክ በኋላ ያደረግኩት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ገበያ ወጥቼ እርጥብ ዝንጅብል ገዛሁ። ሰው ሁሉ ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ በሬ ሲጎትት እኔ ዝንጅብል ወቀጥኩ። የካፖርቱን አንገትና ኪሶች አሸሁበት። እንጨት አንድጄ ጭሱ ላይ ሰቀልኩት። ራሴ ለብሼው ግቢውን እየዞርኩ ላብ ላወጣበት ሮጥኩ። አዎ፣ ሮጥኩ! ጎረቤትየው በአጥሩ አይቶኝ «ምን ነካህ?» አለ። ሲያልቅ አሸተትኩትና ጋሼን መሰለኝ። እትዬ አያውቁም አልኩ።

ለማረጋገጥ መሬት ላይ አንጥፌ ቻለውን ጠራሁት። መጣ፣ አሸተተው፣ አነጠሰ። ፊቱን አዞረና ሊሄድ ተነሳ። «ቻለው፣ ተኛ» አልኩት። ተመልሶ ካፖርቱ ላይ ተኛ፤ አገጩን እግሮቹ ላይ አደረገ፤ ልክ ያኔ ዱቦ ላይ እንዳለቀሰው አድርጎ እንደ ማልቀስ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ኪሴን አየ። ቅንጣቢ ሥጋ እየጠበቀ ነበር። ሥራ መሰለው።

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከሁለታችን ጨዋ የሚለው ቃል የሚገባው ለእሱ ነው።

ዝንጅብሉን አላጠብኩትም፤ ከእንግዲህ ያንን ካፖርት ውሃ አላስነካውም። እንዳለ አመጣዋለሁ። የሚሸተው የእኔን ውሸት ነው፤ ሲያሸቱት እንዳይሳሳቱ ነው አስቀድሜ የጻፍኩት። ቻለው አንገት ላይ ያለውን ማሰሪያ ጋሼ ከራሳቸው ቀበቶ ቆርጠው እንደሠሩት ያውቃሉ። እሱን ልስጥዎ ብዬ ፈትቼ አሽትቼዋለሁ። ውሻ ውሻ ነው የሚለው። ጋሼን ይሸታል ብዬ ደግሞ አልዋሽዎትም።

ፊልሙ ሲወጣ ሰው ያን ቦታ አይቶ ያለቅስ ይሆናል። እርስዎ ካዩት ካፖርቱን ያውቁታል። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። አንጁሎ «ውሻ አልጭንም» ብሎ ነበር፤ ለምኜ እሺ አሰኝቼዋለሁ። ቻለው የእርስዎ ነው፣ ከእርስዎ ጋር ይቅር። በሩን ለእሱ ይክፈቱለት፤ እሱ ምንም አላጠፋም። እኔ ካፖርቱን ይዤ ከአጥሩ ውጭ እቆማለሁ። ካልጠሩኝ ለሃይማኖት ሰጥቻት በመጣሁበት እመለሳለሁ፤ አልቀየምም።

ከዚህ በፊት የጻፍኩልዎ ወረቀት ሁሉ፣ የኪራይ ደረሰኝ እንኳ ሳይቀር፣ መጨረሻው ላይ «ልጅዎ» ይላል። ዛሬ ያን ቃል ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ቅዳሜ እርስዎ ከጠሩኝ፣ ያን ጊዜ እጽፈዋለሁ።

ትንሳኤ
ከሶዶ