ለማሽኑ የጨመርኩት ውሃ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ያምሽ የነበረው ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

የወንድምሽ መርዶ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የሥራ ልብሱን አንቺ በላክሽልኝ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከትቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ በባልዲ ውሃ እጨምር ነበር። ወንድምሽ የሚሠራበት ዳቦ ቤት ባለቤት ከሁለት ጎረቤቶች ጋር መጡ። ይግቡ ብላቸው ከደጃፉ አልነቃነቅ አሉ፤ ያኔ አወቅኩ። የሚነዳት የዳቦ መኪና ተገልብጣ አርፏል።

ባለፈው ስትደውዪ "እንደተቀየመኝ ሞተ" እያልሽ አለቀስሽ። የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። በስልክ ልነግርሽ ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ማሽኑ የሚወስደው ውሃ ትንሽ ነው፤ ልብሱን እንኳ አይሸፍንም። እኔ ደግሞ በሳፋ ሳጥብ የኖርኩ ሰው፣ ውሃ ውስጥ ያልዋኘ ልብስ የጠራ አይመስለኝም። ወንድምሽ ሥራ ሲሄድ በባልዲ እሞላው ነበር። ማሽኑም መሃል ላይ ይቆማል፣ ልብሱም ከነሳሙናው ይወጣል። "ምን አድርገሽው ነው?" ሲለኝ አፍሬ "ምንም" አልኩት። አመነኝ። "ለእናታችን የተበላሸ ዕቃ ላክሽ" ብሎ ደወለልሽ፤ አንቺም "ሁለተኛ ክር አልልክም" አልሽ። በዚያው ተኮራርፋችሁ ቀራችሁ።

ከሐዘኑ በኋላ ጠጋኝ አስጠራሁ። ፈታትቶ አየና ምንም አልጎደለውም አለ። ማሽኑ ልብሱን መዝኖ የሚበቃውን ውሃ ራሱ ይወስዳል፤ ልብስ የሚጠራው እርስ በርሱ ተፋትጎ ነው፣ ከተንሳፈፈ አይፋተግም አለኝ። ባልዲውን ሲያይም "እናቴ፣ ሊያጥቡት ነው ወይስ ሊያሰምጡት?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እሱን ከሸኘሁ በኋላ ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ልጄ፣ ያጣላኋችሁ እኔ ነኝ። እሱ ለእኔ ተቆርቁሮ ነው፤ አንቺም የለፋሽበት ዕቃ ሲናቅ ብታዝኚ እውነትሽን ነው። ታርቆሽ ሞተ ብዬ አልዋሽሽም፣ እንዲህ ሲል አልሰማሁትም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። መቀየም ካለብሽ እኔን ተቀየሚኝ፤ ራስሽን ግን ተዪው።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋን በርቺ በያት፣ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። አክስትሽም ሰላም ብላሻለች። ደብዳቤውን ለሁሉም አንብቢላቸው፤ ጥፋቴን ቢሰሙ አላፍርም። ያነበበም የሰማም ለልጄ ነፍስ ይማር ይበልልኝ።

እናትሽ
ከቤታችን፣ ኅዳር 14 ቀን